ያጠፋሁት ቅሬታ

በእኛ አገር ቅር የተሰኘ ሰው ዘሎ አይመጣብሽም። መጀመሪያ ሰላምታውን ይቀንሳል። ቀጥሎ በደጅሽ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ ያዞራል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከተገኘም አንደኛው ቄስ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጡና "እስኪ አንድ ነገር ልናማክርሽ ነበር" ይሉሻል። ያን ጊዜ ነገሩ ነገር መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔም መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ የዘርና የሰብል መድኃኒት ሱቅ ከፍቼ የነገድሁት ይህን ሕግ አምኜ ነው። ሽማግሌ ያልላከብኝ ሰው ቅሬታ የለውም ብዬ ነበር የማምነው።

ለነገሩ ግድግዳዬ ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ነበረኝ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው "ያለ ሳጥን አይሆንም" ስላሉኝ ያሠራሁት ነው። ቁልፉ ሳጥኑ በተሰቀለ በሳምንቱ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጎኑ ሳንቃ በራሱ ጊዜ ሲላቀቅ፣ ውስጡ የከረሜላ ልጣጭና ጥቂት የሽንብራ ቆሎ አገኘሁ። አላፈርሁም። "ይኸው፣ ቅሬታ የሚባል የለም" ብዬ ለባሌ አሳየሁት።

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ሱቁን ስከፍት "ሴት ደግሞ የመድኃኒት ነገር ምን ታውቃለች?" ያላለ አልነበረም። ሽማግሌ ገበሬዎች ፊት ለፊቴ ቆመው "ባለቤቱ የለም?" ይሉኝ ነበር። "ባለቤቱ እኔ ነኝ" እያልሁ ስንት ዓመት ፈጀሁ። እንዲህ ሆኖ የተገኘ ስም እንደ እንቁላል ነው የሚያዘው። ማንም ዝንፍ ያለ ነገር ቢናገርብኝ፣ ነገሩ እውነት ይሁን ውሸት ሳልጠይቅ ጸጉሬ ይቆማል።

ከመድኃኒቱ ሌላ መርጫ አከራያለሁ። መርጫ ማለት ገበሬው መድኃኒቱን በውኃ በጥብጦ፣ በጀርባው አዝሎ፣ እጀታውን እየገፋ የሚረጭበት ዕቃ ነው። ሁሉም ሰው የራሱ የለውም፤ ስለዚህ በክረምት ደጄ ላይ ሰልፍ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዛሬ ለስንዴና ለገብስ የአረም መድኃኒት የተረጨበት መርጫ፣ ነገ ባቄላው ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ለወጣበት ሰው ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ለስንዴ የሚረጨው መድኃኒት ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ይገድላል፤ ስንዴውን ይተወዋል። ባቄላ ደግሞ ሰፊ ቅጠል ነው። በመርጫው ውስጥ ጥቂት ከቀረ ይበቃዋል።

አላወቅሁም ነበር ብል ውሸት ነው። ደብረ ታቦር ስልጠና ላይ "በሳሙና ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ ቧንቧውም አፈሙዙም ይታጠብ" ተብሎ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። የምስክር ወረቀቱንም በመስታወት አስገብቼ ከሳጥኑ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ግን ሰልፉ ሲረዝም፣ ውኃም በጀሪካን ከሩቅ ሲመጣ፣ አንድ ጊዜ በውኃ ሸክሸክ አድርጌ ለሚቀጥለው እሰጥ ነበር። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ምንም ያለኝ ሰው አልነበረም።

በዚያው ስልጠና ላይ ነው የሱቁን ገጽ በማኅበራዊ ሚዲያ የከፈቱልኝ። መጀመሪያ ንቄው ነበር፤ ኋላ ጣመኝ። ያማረ ስንዴ ፎቶ እለጥፋለሁ፤ "ዘሩ ከእኛ ነው" እላለሁ፤ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ አዲስ አበባ ካለ የአገር ልጅ ሳይቀር "በርቺ እህታችን" ይለኛል። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ካንዱ የስንዴ ፎቶዬ ሥር አንድ ሰው ሌላ ፎቶ ለጠፈ። ባቄላ ነው። ግንዱ ተጠማዞ ጫፉ ወደ መሬት ዞሯል፤ ቅጠሉ እንደ ጭልፋ ተሰብስቧል። ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፦ "እህቴ፣ ከሱቅሽ በተከራየነው መርጫ የአባቴን ባቄላ ከረጨን በኋላ እንዲህ ሆነ። መርጫው የአረም መድኃኒት ሳይቀርበት አይቀርም። እባክሽ አይተሽ መልሽልን። ሌሎቻችሁም ከመከራየታችሁ በፊት በደንብ አሳጥቡ።" ሰውየው አስተማሪ ነው፤ ለክረምቱ ዕረፍት ወላጆቹ ዘንድ የገባ። አላውቀውም።

ዛሬ ሳነበው ጨዋ ጽሑፍ ነው። ያን ቀን ግን ከ"እባክሽ" ይልቅ የታየኝ ሰው ሁሉ ሊያነበው መቻሉ ነው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አልሁ። በዚያ ዓመት ከሱቄ ፊት ለፊት ሌላ የመድኃኒት ሱቅ ተከፍቶ ነበርና ልቤ ወዲያው ወደዚያ ሄደ፤ እነሱ ናቸው የላኩት። ደግሞስ በደል ቢኖር ሽማግሌዎቹ የታሉ? ሰው እንዴት ሰላምታ ሳይነሳ፣ ፊት ሳያዞር፣ በአንድ ጊዜ ገበያ መሐል ወጥቶ ይጮኻል? ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምቀኝነት ነው ብዬ ደመደምሁ።

መልስ ጻፍሁ፦ "ባቄላ በመርጫ አይሞትም። የሚሞተው ሰነፍ ገበሬ እጅ የገባ ዕለት ነው።"

ሰው ሳቀ። በሳቅ ዕንባ የሚያፈሱ ፊቶች ከሥሩ ተደረደሩ። "ኧረ ምላስ!" ያለኝም አለ። ለባሌ አነበብሁለት። እሱ አልሳቀም። "ታዲያ ለማንኛውም መርጫዎቹን በሳሙና ብታጥቢያቸው ምን ትጎጃለሽ?" አለኝ።

"ካጠብሁማ አመንሁ ማለት ነው" አልሁት።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ አስታወስሁት መሰላችሁ። ሰውየው ያለው እውነት ይሁን አይሁን ለማወቅ አንዱን መርጫ ከፍቼ ማሽተት ይበቃኝ ነበር። የአረም መድኃኒት ሽታ አይደበቅም። ግን ያን ዕለት የያዘኝ የስሜ ነገር ነው፤ የመርጫው ጉዳይ ትዝም አላለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ጽሑፉንም ፎቶውንም የራሴንም መልስ አጠፋሁ፤ አስተማሪውንም ተመልሶ እንዳይጽፍ አገድሁት። ገጹ እንደ ድሮው ስንዴ ብቻ ሆነ። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሰልፌን ማስተናገድ ቀጠልሁ። ሽማግሌም አልመጣ። ባልመጡ ቁጥር ልክ እንደነበርሁ እርግጠኛ ሆንሁ።

ከዚያ ሳምንት አለፍ ብሎ የክርስትና እናቴ ከአማቻቸው ጋር መጡ። ወላጅ እናቴ ካረፈች ወዲህ እናቴ እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ይኖራሉ። ያላቸው መሬት ጥቂት ነው፤ ሲሶውን ባቄላ ይዘሩበታል። ለጾሙ ሹሯቸው እሱ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ለሚዘክሩት ዝክርም ንፍሮው ከእሱ ነው የሚወጣው። በየዓመቱ እሸቱ ሲደርስ የመጀመሪያውን እፍኝ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛውን ለእኔ ያመጣሉ። እሳቸው የሚቀምሱት ሦስተኛውን ነው። ልጅ ሳለሁ የጀመሩት ነው፤ ባገባም በወልድም አልተውትም።

"ባቄላዬ ቅጠሉ ነጠብጣብ ይዞታል፤ መርጫና መድኃኒት ስጪኝ" አሉኝ።

ደስ አለኝ። ሰልፉን አቋርጬ፣ ካሉኝ መርጫዎች አዲሱን፣ የማይፈሰውን መርጬ ሰጠኋቸው። ከአንድ ቀን በፊት የስንዴ አረም መድኃኒት የተረጨበት ነበር። በውኃ አንድ ጊዜ ሸክሸክ አድርጌዋለሁ። "እድግ በይ፣ ወልደሽ ሳሚ" ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

መስከረም ተጋመሰ፤ እሸት አልመጣም። መጀመሪያ አላስተዋልሁም። የመስቀል ሰሞን ልጆቼ "እማማ ዘንድሮ አይመጡም?" ሲሉኝ ነው የደነገጥሁት። አመዋቸው ይሆናል ብዬ፣ ጥቅምት እንደ ገባ ስኳርና ሻማ ይዤ በእግሬ ሄድሁ። ገብሱ ደርሶ መንገዱ ዳር ዳር ሰው አጨዳ ላይ ነው። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ማሳቸው ከቤታቸው በፊት ነው የሚገኘው። ገና ከሩቅ አየሁት። በጎረቤቱ ማሳ ባቄላው እስከ ወገብ ቆሞ ፍሬ ተሸክሟል። ከድንበሩ ወዲህ የእሳቸው ነው። ግንዱ ተጠማዞ ጫፉ ወደ መሬት ዞሯል፤ ቅጠሉ እንደ ጭልፋ ተሰብስቦ ደርቋል። ፎቶውን ያጠፋሁት ከስልኬ ብቻ ኖሯል። አሁን እሱው ፎቶ ማሳ ሆኖ ፊቴ ተዘርግቷል። ተመልሼ መሄድ አማረኝ። ግን አይተውኝ ነበር።

ከበራቸው ሲነሡ ግድግዳውን ተደግፈው ነው። ጉልበታቸውን በጨርቅ አሥረውታል። "ምነው እናቴ፣ ወደቁ እንዴ?" አልኋቸው።

"ስግደት ነው። ገብተሽ አረፍ በይ።" ከተቀመጥን በኋላ ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። "ዘንድሮ እሸት አላመጣሁልሽም። ይቅር በይኝ ልጄ።"

እሳቸው ቀጠሉ። ባቄላው በተረጨ በአራተኛው ቀን መጠማዘዝ ጀመረ። አማቻቸው "ከመርጫው ነው" ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ተቆጡት።

"ያ አስተማሪ የጻፈብሽን፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ አማቼ ከስልኩ አንብቦልን ነበር" አሉኝ። "ከንክኖኝ ነበር። ኋላ ግን ጽሑፉ ጠፋ አሉኝ። ጠፋ ሲሉኝ፣ ታርቀዋል ማለት ነው፣ ሽማግሌ ገብቶ ጨርሶታል አልሁ። ቂም ካልተፈታማ ማን ጽሑፉን ያነሣዋል? አንቺ ደግሞ ተነግሮሽ የምትተዪ ልጅ አይደለሽም፤ መርጫውን ካጠበችውማ ከእሷ የተሻለ አላገኝም ብዬ ተነሥቼ መጣሁ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "እንግዲህ ከመርጫው ካልሆነ ከእኔ ነው። የጎረቤቴን ትቶ የእኔን ብቻ የሚያጠፋ ምን በሽታ አለ? ለነፍስ አባቴ ነገርሁ፤ ስግደት ሰጡኝ። ምን እንደ በደልሁ ግን እስካሁን አላገኘሁትም።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። "እግዜር ያውቃል፣ እናቴ" ብዬ ስኳሩን አስቀምጬ ወጣሁ። በማግሥቱ ከገበያ አንድ ጆንያ ባቄላ ገዝቼ በአማቻቸው እጅ ላክሁ፤ ለምን እንደላክሁ ሳልናገር። "ከልጅም ልጅ ሰጠኝ" ብለው መረቁሽ አለኝ አማቻቸው፣ ዓይኑን ከዓይኔ ላይ ሳያነሣ። እሱ ያውቃል። ምርቃትም እንደሚያቃጥል ያን ቀን አወቅሁ።

በዚያው ቀን የአስተማሪውን እገዳ አነሣሁና ጻፍሁለት። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝሁ። በመጨረሻ "ያልኸው እውነት ነበር። አባትህንም ሰነፍ ያልሁት በሐሰት ነው። ይቅር በለኝ" ብቻ ብዬ ላክሁት። መልሱ ኔትወርክ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን መጣ፦

"እህቴ፣ አባቴ ሽማግሌ ልላክ ብሎ ነበር። የከለከልሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ መርጫውን ሌላ ሰው ይወስደዋል ብዬ ነው ገጽሽ ላይ የጻፍሁት። የእኛማ አንዴ ሞቷል፤ ቢጻፍ አይድን። ከእኛ በኋላ ማን ወሰደው?"

ከእሱ በኋላ ከሱቄ መርጫ ማን ማን እንደወሰደ በጣቴ ቆጠርሁ። ከክርስትና እናቴ ሌላ ለባቄላ የወሰዱት አራት ነበሩ። አንዳቸውም አልመጡም፤ አንዳቸውም አልጻፉም። ሲጽፉ ምን እንደሚደረጉ አይተዋላ! ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ሲገዙ አይቻለሁ፤ ፊታቸውን ወደ ማዶ ነበር ያዞሩት። ቀድሞ ፊት ሲዞርብኝ ቅሬታ መጣ እል ነበር። አሁን ግን ቅሬታው መጥቶ፣ እኔው አባርሬው፣ የቀረው ፊት ማዞሩ ብቻ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ያ አስተማሪ ቅጠሉን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። በሰው ፊት ነገረኝ እንጂ የነገረኝ እውነት ነው፤ በሰው ፊት የነገረኝም ለእኔ ብቻ ሳይሆን ደጄ ላይ ለተሰለፈው ሰው ጭምር ስለነበረ ነው። ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢሰማኝ እወዳለሁ፤ ግን ምክር ለመስጠት አፌን ስከፍት የክርስትና እናቴ ጉልበት ትዝ ይለኛል፤ መልሼ እዘጋዋለሁ።

መርጫዎቹን አሁን በሳሙና አጥባለሁ። ለባቄላ ብቻ የሚሆን አንድ ለይቼ ነጭ ጨርቅ አሥሬበታለሁ። ገጼም ላይ ያደረግሁትን ሁሉ ጻፍሁ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ያኔ "በርቺ" ያለኝ ሁሉ ሰደበኝ፤ አላጠፋሁትም። ይህ ሁሉ ግን የቀለለው ነው። የከበደው ሌላ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክርስትና እናቴ ተመልሼ ሄድሁ። የጽጌን ጾም ይዘዋል፤ ብቻቸውን ነበሩ። አልተቀመጥሁም። ከተቀመጥሁ እንደማልናገር አውቄዋለሁ።

"እናቴ፣ ኃጢአቱ የእርስዎ አይደለም" አልሁ። "አልታረቅንም ነበር። ሽማግሌም አልገባም። ጽሑፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "መርጫውስ?"

"በውኃ ብቻ ነበር ያለቀለቅሁት።"

"ሰውየውን ምን አልሽው?"

"አባቱን ሰነፍ ገበሬ አልሁት።"

"ባለፈው ስትመጪ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ በወደድሁ። እጃቸውን ዘርግተው ከጉልበታቸው የላላውን ጨርቅ አጠበቁት። "ነፍስ አባቴ የሰጡኝ ገና አላለቀም" አሉ።

"ይተዉት እንጂ! በማን ኃጢአት ነው የሚሰግዱት?"

"የጀመሩት ስግደት እንዴት ይተዋል? የቀረውን ስላንቺ አደርሰዋለሁ።" ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። አብሬያቸው ልንበረከክ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። "አንቺ ወደ ሰውየው አባት ሂጂ። በእግርሽ ሂጂ። ሰነፍ ያልሽው እሱን ነው።"

ወጣሁ። ከደጁ ሳልርቅ፣ ጉልበታቸው መሬቱን ሲነካ ሰማሁ።